ንግሥተ ሳባ ወደ መርከብ ስትወርድ፦ ስለ ክሎድ ሎሬን የወደብ ሥዕል ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሥዕል በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የዚህ ሥዕል ትልቅ የኅትመት ቅጂ ተሰቅሏል። ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንና ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉ የማን ነው? ምንስ ያሳያል?

ሠዓሊው ክሎድ ሎሬን ይባላል። ዛሬ የምሥራቅ ፈረንሳይ አካል በሆነችው በሎሬን ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ወደ ሮም ሄደ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረውም በ1682 ያረፈውም እዚያው ነው። ይህን ሥዕል በ1648 በዘይት ቀለም ሸራ ላይ ሣለው። ቁመቱ 149፣ ወርዱ 197 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ጊዜው ማለዳ ነው። ፀሐይ ከባሕሩ አድማስ ትንሽ ከፍ ብላለች። በቀኝ በኩል ባለ ዓምድ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከደረጃው ንግሥተ ሳባ ከአጃቢዎቿ ጋር እየወረደች ነው። ከደረጃው ሥር ጀልባ ይጠብቃታል፤ ጀልባው ደግሞ ራቅ ብሎ ወደቆመው መርከብ ሊያደርሳት ነው። በግራ በኩል የፈረሰ ጥንታዊ ሕንፃ ረጃጅም ዓምዶች ቆመዋል። ወደብ ዳር ያሉት ሰዎች ጓዝ እየጫኑ ነው። እዚያው ግራ በኩል አንድ ወጣት ፀሐዩ ስለበረታበት ዓይኑን በእጁ ከልሏል። ሥዕሉን መጀመሪያ ስታዩ እሱን ፈልጉ፤ ብርሃኑ የት እንዳለ ከማንም በፊት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ያሠራው ያኔ ሮም ውስጥ የጳጳሱን ጦር ይመራ የነበረው የቡዮን መስፍን ነው። ንግሥቲቱ ንግሥተ ሳባ ለመሆኗ ደግሞ ግምት አያስፈልግም፤ ወደ ሰሎሞን እየሄደች መሆኑን ክሎድ ራሱ ሥዕሉ ላይ በፈረንሳይኛ ጽፎታል።

ንግሥቲቱን አላገኘኋትም፤ የት ነው ያለችው?

ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ አያስደንቅም። እኛ ንግሥተ ሳባን የምናውቃት ከሥዕሉ መካከል ተቀምጣ፣ ከሁሉም ሰው ገዝፋ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ ወደ እኛ ስትመለከት ነው። እዚህ ግን ቀኝ ወገን ካለው ደረጃ ላይ የጣት ቁመት እንኳ ሳትሞላ ከሰዎቹ መካከል አንዷ ሆና ትታያለች። ዘውዷንና ሰማያዊ ካባዋን ስታዩ ታውቋታላችሁ።

ከመካከል የተቀመጠው ፀሐዩና ባሕሩ ነው። ክሎድ ትልቁን ቦታ የሰጠው ለብርሃንና ለርቀት ነው፤ የታሪኩ ባለቤት ደግሞ በዚያ ብርሃን ውስጥ የምታልፍ መንገደኛ ናት። እንዲህ ማድረጉ ንግሥቲቱን ማሳነስ ነው ብለው የሚከፉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሀገሯን ትታ ወደማታውቀው ሀገር የምትሄድ ሴት፣ ከፊቷ ያለው ባሕር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እንዲታየን ያደረገ ሌላ ሥዕል አላውቅም።

የየትኛው ከተማ ወደብ ነው?

የየትም አይደለም። ክሎድ ጥንታዊ የሮማ ፍርስራሽና የራሱ ዘመን ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን አቁሞ ወደቡን በሐሳቡ ነው የገነባው። በሌሎች የወደብ ሥዕሎቹም እንዲሁ ያደርጋል፤ በ1637 በሣለው አንድ የወደብ ሥዕል ላይ ሮም ኮረብታ ላይ ያለውን ቪላ ሜዲቺን አውርዶ ባሕር ዳር አቁሞታል። መርከቦቹም የሰሎሞን ዘመን መርከቦች አይደሉም፤ ክሎድ በሕይወት ሳለ በሜዲትራኒያን ባሕር ይመላለሱ የነበሩ ባለ ሸራ መርከቦች ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ «በግመል መጣች» ይላል፤ መርከቡ ከየት መጣ?

ትክክል ነው። መጽሐፈ ነገሥት ንግሥቲቱ ሽቱ፣ ወርቅና የከበረ ዕንቍ በግመል አስጭና ኢየሩሳሌም እንደገባች እንጂ በመርከብ መሄዷን አይናገርም። መርከብ የሚነሣው እዚያው አካባቢ፣ በሰሎሞን በኩል ነው፤ ንጉሡ በኤርትራ ባሕር ዳር በዔጽዮንጋብር መርከቦች እንዳሠራ ተጽፏል።

ክብረ ነገሥት ግን ለጥያቄው ሌላ በር ይከፍታል። ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ያወራላት ነጋዴው ታምሪን ከ500 በላይ ግመሎችና 73 ያህል መርከቦች እንደነበሩት ይናገራል። እሷ ስትነሣ ደግሞ 797 ግመሎች ተጭነዋል። የባሕር ንግድ የሚያውቅ ቤተ መንግሥት ነው የተተረከልን ማለት ነው። ታሪኳን በተከታታይ ሥዕሎች የሚተርኩት የሀገራችን ባህላዊ ሠዓልያንም በጀልባ ባሕር ስታቋርጥ ይሥሏታል። ስለዚህ ክሎድ ክብረ ነገሥትን ባያነብም፣ እሷን ከመርከብ ጋር ያገናኘው እሱ ብቻ አይደለም።

ሥዕሉ ሲሣል ጎንደር ምን ላይ ነበረች?

እኔን ከዚህ ሥዕል ጋር ያቆራኘኝ ይህ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አፄ ፋሲለደስ በ1632 ነገሡ፤ ጎንደርን በ1636 ቆረቆሩ፤ በ1667 አረፉ። ስለዚህ ክሎድ ሮም ላይ ብሩሹን ይዞ የንግሥተ ሳባን ደረጃ ሲሥል፣ ዘራቸውን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚቆጥሩት ንጉሥ እዚህ ግንባቸው ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ስለ መተዋወቃቸው የሚያመለክት ነገር የለም። ሮምና ጎንደር ግን በደንብ ይተዋወቁ ነበር፤ ያውም በክፉ። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የተቀበሉት የካቶሊክ ሃይማኖት ያመጣው ደም ገና አልደረቀም ነበር። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካስወጡ በኋላ ካቶሊካውያን ካህናት ዳግመኛ በባሕር በኩል እንዳይገቡ በምፅዋና በሱዋኪን ካሉት የቱርክ ገዥዎች ጋር ተስማሙ። ምፅዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ናት። ሥዕሉን ያሠራው የጳጳሱ ጦር መሪ ንግሥተ ሳባን ከክፍት ወደብ ሲያስነሣ፣ የእሷ ልጅ ነኝ የሚሉት ንጉሥ የራሳቸውን የባሕር በር ለሮም ሰዎች እየዘጉ ነበር።

በሩን ለሁሉም አልዘጉትም። በቱርኮች እጅ ያለችውን ምፅዋን ትተው በበይሉል ወደብ በኩል ከየመን ጋር መገናኘት ፈልገው ለየመኑ ኢማም ለአል-ሙተወኪል ኢስማዒል መልእክት ላኩ። ኢማሙም አል-ሐይሚ የተባለውን ሊቅ ላከ። አል-ሐይሚ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በይሉል ወረደ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጎንደር የገባው በ1648 ነው። ክሎድ ሥዕሉ ላይ የጻፈው ዓመት ማለት ነው። ከየመን፣ ብዙ ሊቃውንት የሳባ ሀገር ከሚሏት ምድር የተነሣ መልእክተኛ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ የፋሲልን ግንብ በዓይኑ አየ። ግንቡን የሠራው ህንዳዊ ጠቢብ መሆኑንም ጽፏል።

አስጎብኚዎች እባካችሁ ይህን ለእንግዶቻችሁ ንገሯቸው። ግንቡ ሥር ቆማችሁ «በዚህ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ምን ነበር?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ከዚህ የተሻለ መልስ አታገኙም።

ለምንድን ነው ነጭ አድርጎ የሣላት?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። ክሎድ እንደ ዘመኑ ሰው ከዙሪያው ያያቸውን የአውሮፓ ወይዛዝርት መልክና ልብስ ሰጣት። አውሮፓውያን ሁሉ ሁልጊዜ እንዲህ ሣሏት ማለት ግን አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ክሎስተርኖይቡርግ በሚባለው ገዳም ያለው፣ የቬርደኑ ኒኮላስ በ1181 የሠራው የመሠዊያ ጌጥ ላይ ንግሥተ ሳባ ጥቁር ናት፤ ክሎድ ከመወለዱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ማለትም ጥቁር አድርጎ መሣሏም አውሮፓ ውስጥ ይታወቅ ነበር። ተማሪዎቼ ሥዕሉን ሲቀዱ ንግሥቲቱን የሚያውቋትን ሰው መልክ ቢሰጧት አልከለክልም። በጥልፍ ቀሚስና በካባ የሣሏትም አሉ፤ ደረጃው ላይ ሲያዩዋት አምሮባታል።

ፀሐዩ እውነት የሚያበራ የሚመስለው በምን ጥበብ ነው?

በዘይት ቀለም፣ በስስ ድርብርብ ቅብና በብዙ ትዕግሥት። ክሎድን የሚያውቁት ሰዎች እንደጻፉት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ከሮም ወጥቶ ሜዳ ላይ ብርሃኑን ሲያጠና ይውል ነበር።

ዘዴውን ለመረዳት መርከቦቹን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። ቅርብ ያሉት ጀልባዎች ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ጠርዛቸው ስል ነው፤ ሰዎቹ የያዙት ገመድ እንኳ ይለያል። መካከል ላይ ያለው መርከብ ግራጫ ይሆናል። ከአድማሱ አጠገብ ያለው ደግሞ ከሰማዩ ቀለም ብዙም አይለይም፤ ምሰሶው በቀጭኑ ይታያል እንጂ ገመዱ የለም። ከደባርቅ በላይ ሆኖ የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አጠገባችሁ ያለው ገደል ሣርና ድንጋዩ ይቆጠራል፣ የሚቀጥለው ሸንተረር ሰማያዊ ነው፣ ሦስተኛው ጭስ ነው። በእኛ ዓይንና በሩቁ ነገር መካከል አየር አለ፤ ክሎድ የሣለው ያንን አየር ነው።

ሁለተኛው ነገር ውኃው ነው። ከፀሐዩ ሥር የሚጀምረው የብርሃን መንገድ በማዕበሉ ጫፍ ጫፍ እየተቆራረጠ ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። በእውነተኛ ውኃም እንዲሁ ነው፤ የትም ብትቆሙ ብርሃኑ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ይህን ስታዩ ከወደቡ ዳር እናንተም የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ታዲያ የእኛ የጎንደር ሥዕል ያንሳል ማለት ነው?

በፍጹም። ሥራው ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ከጣሪያው የሚያዩአችሁ መላእክት በየትኛው መስኮት በኩል ብርሃን እንደገባላቸው አትጠይቁም። ብርሃኑ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ጎንደር ላይ ሰው የሚገዝፈው በክብሩ ነው፣ ለእናንተ ቅርብ ስለሆነ አይደለም። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ሸማውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ነጭ ቀብቶ፣ በጥቁር መስመር ከፍሎ ሲሠራ አማኙ ቆሞ የሚጸልይበትን ነገር ነው የሚሠራው። ክሎድ ደግሞ አንድ መስፍን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የሚመለከተውን መስኮት ነው የሠራው። አንዱን በሌላው መለካት ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

የጎንደር ሠዓልያን ግድግዳ ግን የተዘጋ አልነበረም። ሮም ከምትገኘው ከሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የመጣው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ እዚህ የምስለ ፍቁር ወልዳ አሣሣል መነሻ ሆኗል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሮም ላይ የታተመው የዓረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም በጎንደር ዘመን ብራናዎች ላይ በእኛ እጅ ዳግም ተሥለዋል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ የፊት ጥላና እየደበዘዘ የሚሄድ የጀርባ ቀለም መጣ። የጎንደር ሠዓልያን ከሮም የሚፈልጉትን መርጠው ወሰዱ፤ የማይፈልጉትን ተዉ። አድማሱንና ርቀቱን የተዉት ስላልፈለጉት ነው ብዬ አምናለሁ።

ባሕር አይተን አናውቅም፤ መርከብ እንዴት እንሣል?

አባቶቻችንም አላዩም፤ ግን የኖኅን መርከብ፣ የጌንሳሬጡን ጀልባ፣ በኤርትራ ባሕር የሰጠመውን የፈርዖንን ሠራዊት ሣሉ። እናንተ ደግሞ ጣና አላችሁ። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ደኅና መሆኑን ጠይቃችሁ ሂዱና እዚያ አድራችሁ ጎህ ሲቀድ ውኃው ዳር ቁሙ።

ታንኳ ከፀሐይ ፊት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ደንገሉ ብጫ መሆኑ አይታይም። የታሰረበት ልጥም አይታይም። ታንኳውም ቀዛፊውም አንድ ጥቁር ቅርጽ ይሆናሉ፤ የቀዛፊው ትከሻና ወደ ላይ የታጠፈው የታንኳው አፍንጫ ላይ ብቻ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ይቀራል። መቅዘፊያው ከውኃው ሲወጣ የሚንጠባጠበው ጠብታ ለአፍታ ከሁሉም በላይ ያበራል። የክሎድ መርከቦች ምስጢር እዚህ አለ። ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያውቁትን ይሥላሉ፤ ደንገል ብጫ ነው ብለው ብጫ ይቀባሉ፣ ፀሐዩም ይሞትባቸዋል።

ወደ መርከቡ ስትመጡ አድማሱን አስቀድሙ፤ ፀሐዩን ቀጥሎ። ከዚያ የመርከቡን አካል፣ ከዚያ ምሰሶዎቹን። ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ሸራው አግዳሚው እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይታሰራል እንጂ በነፋስ ተነፍቶ አይቆምም፤ የተነፋ ሸራ ወደብ ውስጥ መሣል የተለመደ ስሕተት ነው። ገመዶቹን ሁሉ አትቁጠሩ። ከምሰሶው ጫፍ ወደ ጎንና ጎኑ የሚወርዱትን ዋና ዋናዎቹን አስምሩ፤ ሌላውን ዓይን ይሞላዋል።

ተርነር ከዚህ ሥዕል ጋር ምን አገናኘው?

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ክሎድን ከማንም አብልጦ ይወድ ነበር። በ1815 የካርታጎን ከተማ መገንባት የሚያሳይ ሥዕል ሲሠራ ፀሐዩን፣ ውኃውንና ግራ ቀኙን ሕንፃ ከዚሁ ሥዕል ተምሮ ነው። ሲናዘዝም ሥዕሉን ለሀገሩ አወረሰ፤ ከክሎድ ሥዕል አጠገብ ይሰቀልልኝ በሚል ቅድመ ሁኔታ። በ1851 ሞተ፤ ኑዛዜው ተከብሯል።

ዋናው ሥዕል የት ነው የሚታየው?

ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ያለው ናሽናል ጋለሪ ውስጥ። ጋለሪው በ1824 ሲመሠረት ከአንገርስታይን ስብስብ ከተገዙት 38 ሥዕሎች አንዱ ይህ ነው። ቋሚ ስብስቡን ለማየት መግቢያ አይከፈልም። ዘመድ ለንደን ያላችሁ እንዲሄዱላችሁ ንገሯቸው፤ የሌላችሁ ደግሞ ጋለሪው ድረ ገጽ ላይ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር እዩት፤ ዓይኑን የከለለው ወጣት በስልክ አይታይም።

ቀድቼ ብሸጠው ያስጠይቀኛል?

ሠዓሊው ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የሥዕሉ የቅጂ መብት አብቅቷል፤ በእጃችሁ ሥላችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። ከድረ ገጽ ያወረዳችሁትን ፎቶ እንዳለ አትሞ መሸጥ ግን የፎቶውን ባለቤት ደንብ ይመለከታል፤ አስቀድማችሁ አንብቡት።

ክሎድ ራሱ በሕይወት ሳለ ሥራው እየተመሰለ በስሙ ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ የጨረሰውን እያንዳንዱን ሥዕል በትንሹ በንድፍ እየገለበጠ አንድ ጥራዝ ውስጥ ያኖር ጀመር፤ ጥራዙ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እናንተም ቅጂውን በራሳችሁ ስም ፈርሙ፤ ከጀርባው «ከክሎድ ሎሬን ሥዕል የተቀዳ፣ ጎንደር» ብላችሁ ዓመቱን ጻፉበት። እንግዳ ሲገዛችሁ ይህን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አሳዩት።